አራት ዓመቱ ነው፣ ሰልፍ ላይ ጆሮውን ይዞ ይጮሃል፦ ለአንዲት የኬጂ መምህርት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ኬጂ አስተምራለሁ። ክፍሌ 32 ልጆች አሉት፤ አንዲት ሞግዚት ታግዘኛለች። ከልጆቹ አንዱ አራት ዓመት ከአምስት ወሩ ነው። ጠዋት ሰልፍ ላይ ማይክሮፎኑ ሲከፈት ጆሮውን ይዞ ይጮሃል። ስሙን ስጠራው ዞር አይልም። ቆርኪ መደርደር ይወዳል፤ አንዱን የነካበት እንደሆነ ለቅሶ ነው። አማርኛ ብዙም አይናገርም፤ ከዩቲዩብ የለመደውን እንግሊዝኛ ግን ይደጋግማል፣ ሲከፋው ‹ላይክ፣ ሼር፣ ሰብስክራይብ› ይላል። ምሳው ደረቅ ዳቦ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት እጅ ለመታጠብ ተሰልፈው ሳለ አንዲት ልጅ ነክሶ ወላጆቿ ተቆጥተዋል። ዳይሬክተሯ ‹ለእንዲህ ዓይነት ልጅ አልተዘጋጀንም፣ ይውሰዱት› ትላለች። እናቱ ‹አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው፣ ይተወዋል› ትላለች። አሜሪካ ያለችው አክስቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት ብላቸዋለች። ኦቲዝም ነው? እኔስ ምን ላድርግ? ለገና ዝግጅት መድረክ ላይ ይውጣ ወይስ ይቅር?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ አንቺ እያልኩ ስጽፍልሽ ቅር አይበልሽ።

የመጀመሪያ ጥያቄሽን ቶሎ ልለፈው። ኦቲዝም ይሁን አይሁን በጽሑፍ አይታወቅም፤ ልጁን ሳላይ ስም ባወጣለት ሙያ ሳይሆን ሐሜት ይሆንብኛል። የዘረዘርሽው ግን በባለሙያ መታየት እንዳለበት በቂ ምልክት ነው። ከሁሉ በፊት ጆሮው ይመርመር። «ጆሮውን ይዞ የሚጮህ ልጅ እንዴት አይሰማም?» ትይኝ ይሆናል። ከጉንፋን በኋላ በመሃለኛው ጆሮው ፈሳሽ የተጠራቀመበት ልጅ ማይክሮፎኑ ያስደነግጠዋል፤ አንቺ ከጀርባው ሆነሽ በለስላሳ ድምፅ ስትጠሪው ግን ላይሰማሽ ይችላል። እናቱንም አንድ ነገር ጠይቂልኝ፤ ቤት ውስጥ ማን እያሉ ነው የሚጠሩት? የመዝገብ ስሙና አያቱ የምትጠራው ስም ለየቅል የሆነበት ልጅ ሞልቷል። አራት ዓመት ሙሉ «ማሙሽ» ሲባል የኖረ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ በሌላ ስም ሲጠራ ዝም ቢል አይፈረድበትም።

ዓይኔን አያየኝም ብለሽ አልጻፍሽም፤ ባለመጻፍሽ ደስ ብሎኛል። ከውጭ የተተረጎሙ መጠይቆች ይህን ከፊት አስቀድመው ይጠይቃሉ፤ እኛ ዘንድ ግን ታላቁን ትክ ብሎ የሚያይ ልጅ «ዓይን አውጣ» ነው የሚባለው። አንቺ ሌላ ነገር ተመልከቺ። የወደደውን ነገር ሊያሳይሽ ይዞልሽ ይመጣል? የሚያየውን አንቺም እንድታዪለት በጣቱ ያመለክታል? አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና ብሎ ካየ በኋላ «አያችሁ?» እንደማለት ወደ አንቺ ወይም ወደ ሞግዚቷ ዞር ይላል? የእነዚህ መልስ ለሐኪሙ ከዓይኑ ይልቅ ብዙ ይነግረዋል። ጻፊውና እናቱ ይዛው ትሂድ።

የካቲት 12 እና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒክ አላቸው። «አእምሮ» የሚለው ቃል እናትን ሊያስበረግግ ስለሚችል መጀመሪያ የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ብትሄድ ይቀላታል፤ ከዚያ እሱ ይልካታል። ልጁ ይናገራቸው የነበሩ ቃላት ከጠፉበት፣ ወይም በመሃል ፍዝዝ ብሎ የሚቀርበት ወይም የሚንቀጠቀጥበት ጊዜ ካለ ግን ዛሬ ነገ የሚባል ነገር አይደለም፤ በፍጥነት ይታይ። የሚጥል በሽታ ኦቲዝም ባላቸው ልጆች ላይ ከሌላው በበለጠ ይታያል።

የምርመራው ወረፋ እስኪደርስ ግን ስንት ሰኞ ጠዋት አለ። መምህራን «ምንነቱ ሳይታወቅ ምን ላድርግለት?» ይሉኛል። ለአንቺ ሥራ የበሽታው ስም ብዙም አይጨምርልሽም። በሥራዬ ዘመን ከጠዋት እስከ ማታ ያለማቋረጥ የሚያስቸግር ልጅ አላየሁም ማለት እችላለሁ። ልጁን የሚያሸንፉት ሰዓቶች ናቸው። የትኞቹ እንደሆኑ ካወቅሽ ሥራሽ ግማሽ ይሆናል።

ስለዚህ አንድ ደብተር ያዢና ለአምስት ቀን ብቻ አራት ነገር መዝግቢ፦ ሰዓቱን፣ ከዚያ በፊት ምን እንደነበር፣ እሱ ምን እንዳደረገ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ። «አስቸገረ» ብለሽ አትጻፊ። «4፡10፣ ከሜዳ ሲገቡ በሩ ላይ ተጨናነቁ፣ መሬት ላይ ተኛ፣ ሞግዚቷ ተሸክማ አስገባችው» ብለሽ ጻፊ። በአምስተኛው ቀን የሚደጋገመው ነገር ራሱ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ሞግዚቷንም አማክሪ፤ አንቺ ሰሌዳ ላይ ስትሆኚ እሷ ናት የምታየው። ስብሰባ ላይ ማንም ሐሳቧን ስለማይጠይቃት ነው እንጂ ብዙ ጊዜ ከሁላችንም ቀድማ ነገሩን የምታውቀው ሞግዚቷ ናት።

አንቺ እንኳ በጻፍሽው አጭር ጥያቄ ውስጥ ሦስት ሰዓት ወጥቷል፦ ሰልፍ፣ የእጅ መታጠቢያ ተራ፣ ምሳ።

ሰልፉን እንየው። ስንት መቶ ልጅ፣ ከግድግዳ ግድግዳ የሚያስተጋባ ግቢ፣ «ቼክ፣ ቼክ» ብሎ ሲጢጥ የሚል ማይክሮፎን፣ መዝሙር፣ ጭብጨባ። እኛ ለምደነው ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ፣ ድምፅ ወይም ጨርቅ ወይም ብርሃን ከመጠን በላይ መሰማት ወይም ጭራሽ አለመሰማት ከኦቲዝም መለያዎች አንዱ ሆኖ ተጽፏል። «ብልግና ነው» የሚልሽ ካለ ይህን ንገሪው። ልጁ ጆሮውን መያዙ ራሱን ለመርዳት ያገኘው መላ ነው፤ እጁን አታስወርጂው።

ሰኞ የምታደርጊው ይህ ነው። ሰልፉ ሲጀመር እሱ ከሞግዚቷ ጋር ከድምፅ ማጉያው ርቆ በሩ አካባቢ ይቁም፣ ወይም ክፍል ውስጥ ወንበር ያስተካክል። ሥራ ስጪው፤ «ተቀጥቶ ቀረ» እንዳይመስልበት። በሁለተኛው ሳምንት ለመጨረሻው መዝሙር ብቻ ይምጣ፣ ሲያልቅ አብሮ ይገባል። የሚያልቅበትን የሚያውቀው ነገር ይቀለዋል። የግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉት የጆሮ መሸፈኛ አለ፤ የሥራ ደኅንነት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች አይጠፋም፣ ለልጅ የሚሆን ጠበብ ያለ ካገኛችሁ ጥሩ። ግን ለሰልፍና ለጩኸት ሰዓት ብቻ፤ ቀኑን ሙሉ ካደረገው ጆሮው ዝምታን ይለምድና ትንሹም ድምፅ ይበዛበታል። ማይክሮፎኑን የሚይዙትን መምህርም ልጆቹ ከመሰለፋቸው በፊት እንዲሞክሩት ለምኚልኝ። ይህ የሌሎቹንም ልጆች ጆሮ ያሳርፋል።

አሁን ወደ ንክሻው። ነካሽ ልጅ ብለሽ ሳይሆን ወረፋ ብለሽ ጀምሪ። ከፊቱ ልጅ፣ ከኋላው ልጅ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ውኃው መቼ እንደሚደርሰው አይታወቅም፣ «ተጠጋ!» የሚል ድምፅ ከላይ። ነክሶ ምን አገኘ? ሁሉም ሸሸለት፣ ሰፊ ቦታ አገኘ። ሌላ ቃል ስላልነበረው ጥርሱ ሠራለት። ስለዚህ ከኋላው ሰው በማይኖርበት ቦታ አቁሚው፤ የሁሉም መጨረሻ ይሁን ወይም ከሁሉ ቀድሞ ይታጠብ። እጁን ዘርግቶ «ዞር በል» ማለትን በምልክት አስተምሪው፣ ያውም በወረፋ ሰዓት ሳይሆን ሲረጋጋ፣ እየተጫወታችሁ። ንክሻው እንደገና ቢመጣ ረጅም ተግሣጽ አትስጪው፤ በዚያ ሰዓት አይሰማሽም። «መንከስ የለም» በዪ፣ ልጅቷን አባብዪ፣ እሱን ጸጥ ወዳለ ጥግ ውሰጂው። በኩርኩም ወይም «አንቺም መልሰሽ ንከሺው» በሚል ፈሊጥ የሚያስተምሩ ሰዎች አሁንም አሉ። ልጁ ከዚያ የሚማረው ሰው ሁሉ እንደሚናከስ ነው።

ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው መሸጋገር ለእንዲህ ዓይነት ልጆች ትልቁ ገደል ነው። አንቺ «አሁን ወደ ሜዳ» ስትዪ ለ31ዱ ደስታ ነው፤ ለእሱ ግን ከያዘው ቆርኪ በግድ መነቀል ነው። በአሜሪካ በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የዳበረው ቲች የሚባል አሠራር አንዱ ምሰሶ ቀኑን በዓይን እንዲታይ ማድረግ ነው፤ ንግግር ብን ብሎ ይጠፋል፣ ሥዕል ግን ተመልሰሽ ስታዪው እዚያው አለ። ለዚህ ከውጭ የሚመጣ ካርድ አትግዢ። በስልክሽ የራሳችሁን በር፣ የራሳችሁን ምንጣፍ፣ የእሱን ምሳ ዕቃ፣ ሜዳውን፣ ቧንቧውን፣ ማታ የሚወስደውን መኪና ፎቶ አንሺ። ፎቶ ቤት አሳትሚና ሲባጎ ወጥረሽ ልብስ በምናሰጣበት መቆንጠጫ በተርታ ስቀዪያቸው። አንዱ ሲያልቅ እሱ ራሱ ያውርደው። ፎቶው ካልገባው ዕቃውን አስይዢው፦ ለምሳ ማንኪያ፣ ለሜዳ ኳስ። ከክፍሉ አሥሩ ልጅ ያንን ሲባጎ ማየት እንደሚጀምር እወራረድሻለሁ። «ሚስ፣ ቀጥሎ ምንድን ነው?» ብሎ የሚያደክምሽ ሁሉ ጸጥ ይላል።

ስታዢው ቃልሽን አሳጥሪ። «ና እስቲ የኔ ጌታ አሁን ጓደኞችህ እየሄዱ ስለሆነ ጫማህን አድርግና...» ከሚለው ውስጥ ለእሱ የሚደርሰው የመጨረሻው ቃል ነው፤ እሱም ቢደርስ። «መጀመሪያ ጫማ፣ ከዚያ ቆርኪ» በቂ ነው። ከዚያ ዝም በዪና በልብሽ እስከ አሥር ቁጠሪ። ለመምህር ዝም ማለት ከባድ ነው፤ እኔም አሥር ለመቁጠር ዓመታት ፈጅቶብኛል። በሦስተኛው ሰከንድ ደግመሽ ከጠየቅሽው የጀመረውን ማሰብ አፍርሰሽ እንደ አዲስ ታስጀምሪዋለሽ።

«ላይክ፣ ሼር፣ ሰብስክራይብ» የሚለውን ሳነብ ፈገግ አልኩ። ሰዎች «ትርጉም የሌለው ልፍለፋ» ይሉታል። ቪዲዮው ላይ ይህ የሚባለው መቼ ነው? ሲያልቅ። ልጁ ሲከፋው ይህን ካለ «በቃኝ፣ ይለቅልኝ» ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ የሚያውቀው የማብቂያ ቃል ይህ ነው። በደብተርሽ ይህንንም አብረሽ መዝግቢና ግምቴ ልክ መሆኑን አረጋግጪ። ልክ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሲለው እርምት አትስጪው። ጎንበስ ብለሽ በእሱ ፈንታ «በቃኝ» በዪና የያዘውን ሥራ በእርግጥ አስቁሚለት። ቃሉ እንደሚሠራ ሲያይ ይወስደዋል። ሰምቶ መድገም ለብዙዎቹ ወደ ራሳቸው ንግግር የሚወስድ መንገድ ነው እንጂ መጥፎ ልማድ አይደለም።

ቆርኪውንም አትንጠቂው። ከጎኑ ቁጭ ብለሽ የራስሽን ቆርኪ ደርድሪ፣ ምንም አትናገሪ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን አንዱን የእሱ ረድፍ ጫፍ ላይ አስቀምጪለት። ከፈቀደ፣ ሌላ ረጋ ያለ ልጅ አምጥተሽ ያው ይደገም። መቁጠር፣ ቀለም መለየት፣ ተራ መጠበቅ፣ ሁሉም በቆርኪ ይሄዳል። ልጆቹ «ለምን እሱ ብቻ?» ሲሉሽ «ጆሮው ድምፅ ይበዛበታል፣ እናግዘዋለን» ብትዪ ይበቃቸዋል። የአራት ዓመት ልጅ ማብራሪያ ቶሎ ይቀበላል፤ የምትቸገሪው ከወላጆቻቸው ጋር ነው።

ምሳን በአጭሩ፦ ዳቦውን ይብላ። የእንጀራው እርጥበት፣ የወጡ ሽታ፣ የሁለቱ መነካካት እንደኛ አይቀምሰውም፤ በግድ የጎረሰ ልጅ ያንን ምግብ ለዓመታት ይሸሻል። ሌላው ምግብ በተለየ ሳህን አጠገቡ ይቀመጥ፣ ማንም «ብላ» አይበለው። የሚበላቸው ዓይነቶች እየቀነሱ ከሄዱ ወይም ክብደቱ ከወረደ ሐኪሙ ይወቅ።

ስለ ቋንቋው አክስቱ ከደግነት ነው የተናገረችው፤ ምክሯ ግን ልክ አይደለም። ኦቲዝም ባላቸው ሁለት ቋንቋ በሚሰሙ ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሁለተኛው ቋንቋ ንግግራቸውን ይበልጥ እንደሚያዘገይ አላሳዩም። እናቱ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስታናግረው ማባበያዋን፣ ቀልዷንና ቁጣዋን ነው የሚያጣው። አክስቱ ባለችበት አገር እንኳ የልዩ ትምህርት ሕጉ በተቻለ መጠን ልጅ በራሱ ቋንቋ እንዲመረመር፣ ወላጅም በልጁ የትምህርት ዕቅድ ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ እንዲያገኝ ያዛል። አንቺም የትምህርት ቤቱ ደንብ እንግሊዝኛ ቢሆን፣ ዋና ዋናዎቹን ትእዛዞች በአማርኛ ስጪው። «ሲት ዳውን» ሳይሆን «ቁጭ»።

እናቱን በመውጫ ሰዓት በር ላይ፣ ሌሎች ወላጆች እየሰሙ አታናግሪያት። በኮሚኒኬሽን ቡኩ ላይም እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም፤ ያ ደብተር ቤት ውስጥ ስንት ሰው እጅ እንደሚገባ አታውቂም። ቀጠሮ ስጫት፣ ሻይ አቅርቢላት፣ በሚችለው ጀምሪ፦ «32 ቆርኪ በቀለም ለይቶ ሲደረድር አንድም አይሳሳትም።» ከዚያ ያየሽውን ብቻ ንገሪያት፤ «ኦቲዝም» የሚለውን ቃል ለሐኪሙ ተዪለት። «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» ስትልሽ አትከራከሪያት፤ እውነት ሊሆን ይችላል። «ጥሩ፣ ቢሆንም ጆሮውን እናሳየው፣ ደህና ከሆነ ሁላችንም ይቀለናል» በያት። ጠበል ልውሰደው ካለችሽም ለምን አትበያት፤ የሐኪም መድኃኒት የታዘዘለት እንደሆነ ግን እንዳታስቆመው አደራ በያት። ሳትጠይቅሽም ይህን ንገሪያት፦ የእርሷ ጥፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ በአሜሪካ ታላላቅ የተባሉ ሐኪሞች ሳይቀሩ ልጁን እንዲህ ያደረገው የእናቱ ቅዝቃዜ ነው ይሉ ነበር፤ ኋላ ውድቅ ሆነ። እኛ ዘንድ ደግሞ እርግማን ነው ይላሉ፣ አሁን አሁን ደግሞ ስልክ። ስልኩ ቢቀነስለት ለእንቅልፉና ለጨዋታው ይበጀዋል፤ ኦቲዝምን ግን ስልክ አያመጣውም።

ዳይሬክተሯ ቀረች። አዋጁን መጀመሪያ አትምዘዢባት፤ ግን ኪስሽ ውስጥ ይኑር። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 24 በአካል ጉዳት ምክንያት ማንም ከመደበኛ ትምህርት እንዳይገለል ይላል። ከዚያ በፊት በሒሳብ አናግሪያት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ከ127 ሰዎች አንዱ ገደማ ኦቲዝም እንደነበረበት ይገመታል። የትኩረት ችግር ያለባቸው፣ ንግግር የዘገየባቸው ሲጨመሩ ቁጥሩ ይበዛል። ይህን ልጅ ብታስወጣው ተመሳሳዩ መስከረም ላይ በሩን ያንኳኳል፤ ያኔም አልተዘጋጀንም ልትል ነው። ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን እ.ኤ.አ. በ2002 ያቋቋመችው ዘሚ የኑስ ወደዚያ ሥራ የገባችው ልጇን ይዞ የሚያቆይ ትምህርት ቤት አጥታ ነበር። ሁሉም እናት ማዕከል ማቋቋም አትችልም። «እስከ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት እንሞክር፣ ደብተሬን በየሁለት ሳምንቱ አሳይሻለሁ» በያት። ግማሽ ቀን ብቻ ይዋል ካለች ተስማሚ፤ ግን ሙሉ ቀን የሚጀምርበት ቀን በጽሑፍ ይቀመጥ፣ አለዚያ ግማሽ ቀኑ እንደዚያው ይቀራል። የተነከሰችው ልጅ ወላጆች ደግሞ ማወቅ የሚገባቸው ምን እንዳስተካከላችሁ ነው፤ የልጁን ገመና አይደለም።

ገናው። ለልምምዱ ከሌሎቹ ቀድማችሁ ባዶ አዳራሽ ውስጥ አስገቢው፣ መድረኩን ይውጣበት ይውረድበት። የመድረኩን ፎቶ ለእናቱ ስልክ ላኪላት፣ ማታ ማታ ታሳየው። በዕለቱ በመጀመሪያው ዝግጅት ይግባና ወዲያው ይውጣ፤ ከመድረክ ጀርባ ሞግዚቷ ቆርኪዎቹን ይዛ ትጠብቀው። በሩ ላይ ከቆመና አልገባም ካለ አትጎትቺው፣ ከአያቱ ጎን ተቀምጦ ይይ። ልብሱን ከአሁኑ ወደ ቤት ላኪው፤ ጥልፉ አንገቱን እንዳይፈጀው እናቱ ከውስጥ ለስላሳ ካናቴራ ታድርግለት፣ ኮሌታው ላይ የተሰፋ ምልክት ካለም ትቁረጠው።